ደሴ ላይ ጂአርኢ የተማርኩበት ክፍል

ሁለት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እየወጣሁ ደሴ ጂአርኢ ተማርኩ፤ ውጭ አገር ለድኅረ ምረቃ ሲያመለክቱ የሚፈተኑት ፈተና ነው። ክፍሉ ፒያሳ አካባቢ ነው። ጠባብ ነው፣ ግን ጸጥ ይላል።

ሒሳቡ በጣም ጥሩ ነው። አስተማሪያችን ቀመር አያሸመድድም። «እህቴ፣ ከማስላትሽ በፊት ምን እንደተጠየቅሽ ንገሪኝ» ይለኛል። ፈተናው ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አጥሮ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። እነሱም ልምምዱን ልክ በዚያው ሰዓት ያስፈትኑናል። የመጀመሪያ ቀን ሒሳብ 151 አመጣሁ፤ መጨረሻ ላይ 162 ደረስኩ። ከ170 ነው እንግዲህ።

እንግሊዝኛው ደካማ ነው። ፎቶ ኮፒ የተደረገ የቃላት ዝርዝር ይሰጡሻል፣ በቃ።

ያስከፋኝ ግን ሌላ ነው። ስመዘገብ «ከ320 በታች ይዞ የሚገባ የለም» ተባልኩ፤ የሒሳቡና የእንግሊዝኛው ድምር፣ ከ340 ማለት ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በኋላ የማመለክትባቸውን ትምህርት ክፍሎች ገጽ አንድ በአንድ አነበብኩ። አንዱ ውጤቱን ጭራሽ አይቀበልም። ሁለቱ «ከፈለግሽ ላኪ» ይላሉ። የሚጠይቀውም ከትራንስክሪፕት (ከዩኒቨርሲቲ ውጤትሽ)፣ ከድጋፍ ደብዳቤና ከራስሽ ጽሑፍ ጋር አብሮ ነው የሚያየው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኢቲኤስ፣ ራሱ ውጤቱ ብቻውን መቁረጫ እንዳይሆን ይመክራል። ለፈተናው 220 ዶላር ለሚከፍል ሰው ይህን አስቀድሞ መንገር ግዴታቸው ነበር። ዶላር እዚህ እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን።

ውጤቱ 5 ዓመት ስለሚያገለግል እኔ ተፈትኛለሁ። ታናሽ ወንድሜንም ለሒሳቡ እዚያው አስመዘግበዋለሁ። እንግሊዝኛውን ቤት አብረን እንሠራለን።