በሜሪላንድ የፋየር ፕሮቴክሽን ኢንጂነሪንግ ትምህርት፦ ልፋቱን ይክሳል

ልጅ ኮሌጅ የሚያስገቡ ዘመዶችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ፋየር ፕሮቴክሽን ኢንጂነሪንግ (ሕንፃንና ሰውን ከእሳት የመጠበቅ ምሕንድስና) ተምሬ በባችለር ዲግሪ ተመርቄያለሁ። አሁን እዚሁ ዲሲ አካባቢ በአንድ የዲዛይን ቢሮ እሠራበታለሁ። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ከሒሳብና ከፊዚክስ ለማይሸሽ ልጅ፣ በተለይ ሜሪላንድ ለሚኖር ቤተሰብ፣ ልፋትንም ገንዘብንም የሚክስ ትምህርት ነው።

ለእናቴ መጀመሪያ ስነግራት «እሳት አደጋ ልትሆኚ ነው? እሳት ውስጥ እንድትገቢ ነው እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ?» ብላ አለቀሰች። ብዙ ወላጅ እንደ እሷ ነው የሚያስበው። እሳት አደጋዎች እሳቱ ከተነሳ በኋላ ይደርሳሉ። የእኛ ሥራ ግን ሕንፃው ገና ወረቀት ላይ እያለ ነው የሚጀምረው። ጭሱ በየት ይወጣል? ደረጃው ስንት ሰው ያሳልፋል? ውሃው ላይኛው ፎቅ ሲደርስ ግፊቱ ስንት ነው? ብረቱ ሙቀቱን ምን ያህል ጊዜ ተቋቁሞ ይቆማል? ይህን ሁሉ በስሌት መልሰን እንፈርምበታለን።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ አባቴ ነው። መርካቶ ሸማ ተራ ሱቅ ነበረው። ማታ ሊዘጋ ሲል የተሰካውን ሁሉ ይነቅልና ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት በመዳፉ ዳበስ ያደርገዋል። ሞቅ ካለው ቤት አይሄድም፤ እስኪቀዘቅዝ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጅ ሆኜ ስንት ማታ አብሬው ጠብቄያለሁ! ኋላ ክፍል ውስጥ የላላ የሽቦ ግንኙነት እንዴት እንደሚግል ስንማር የአባቴ መዳፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ስለ ትምህርት ክፍሉ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ይህን ሙያ በባችለር ደረጃ የሚያስተምር ቦታ በመላው አሜሪካ በጣት የሚቆጠር ነው። ለምሳሌ ማሳቹሴትስ ያለው ዉስተር ፖሊቴክኒክ በዘርፉ ስመ ጥር ቢሆንም የሚታወቀው በማስተርስ ነው። ክፍሉ አነስተኛ ስለሆነ አስተማሪዎቹ በስም ያውቁኝ ነበር፤ አንድ ቀን ስቀር «ደህና ነሽ?» የሚል ኢሜይል ይደርሰኝ ነበር። ኒስት፣ ማለትም የአሜሪካ የስታንዳርድና የቴክኖሎጂ ተቋም፣ የእሳት ምርምሩን የሚሠራው ጌይተርስበርግ፣ እዚሁ ቅርባችን ነው። እሳትና ጭስ በኮምፒዩተር የምናሰላበት ኤፍዲኤስ የተባለው ፕሮግራም የእነሱ ሥራ ነው፤ በነፃ ይሰጣል። አብረውኝ ከተማሩት አንዳንዶቹ ደግሞ የሚያድሩት ኮሌጅ ፓርክ በጎ ፈቃደኞች እሳት አደጋ ጣቢያ ነበር። ሌሊት ሲጠሩ አድረው ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ክፍል ይገባሉ፤ የሚጠይቁት ጥያቄ መጽሐፍ ላይ አይገኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደ ማንኛውም ኢንጂነሪንግ ካልኩለስ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ናቸው። እሳቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮን ካሎሪሜትር ከሚባለው መሣሪያ ፊት የቆምኩበትን ቀን አልረሳውም። ናሙናው 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ፣ ሾጣጣ ማሞቂያ ሥር ይቀመጣል። መጀመሪያ እንጨት አስገባን። ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ቆይቶ ቆይቶ ተያያዘ። ቀጥለን የሶፋ ስፖንጅ አስገባን። ሴኮንዶች አልፈጀበትም፤ ወዲያው ቀለጠና ነበልባሉ ቦግ አለ። መሣሪያው ሙቀቱን የሚለካው እሳቱ የበላውን ኦክስጅን ቆጥሮ ነው፤ አብዛኛው የሚነድ ነገር ለእያንዳንዱ ኪሎ ኦክስጅን 13.1 ሜጋጁል ግድም ሙቀት ይሰጣል። ያን ቀን ቤት ገብቼ ሶፋችንን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ስፕሪንክለር ላይም፣ ማለትም እሳት ሲነሳ ከኮርኒስ ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ላይ፣ ብዙ ቆይተናል። በመዳፌ የያዝኳት የመጀመሪያዋ የስፕሪንክለር ጭንቅላት ቀይ ፈሳሽ ያለባት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነበረባት። 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትደርስ ፈሳሹ ተለጥጦ ብልቃጧን ይሰብራታል፣ ውሃው ይለቀቃል። ፊልም ላይ እንደሚታየው ሁሉም አንድ ላይ አይፈነዱም፤ በተለመደው የሕንፃ ስፕሪንክለር የሚከፈተው ሙቀቱ የደረሰበት ብቻ ነው፣ የሲጋራ ጭስም አይከፍተውም። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር እንዲኖረው ያስገድዳል። እዚያ ቤት የገዛችሁ ኮርኒሳችሁ ላይ ያለችውን ክብ ነገር ቀለም እንዳትቀቡባት፤ ዕቃም አታንጠልጥሉባት።

ከሁሉም ኮርስ ልቤን የነካው ግን ሰው በእሳት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የተማርንበት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ በአንድ የምሽት ክበብ፣ መድረክ ላይ የተተኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለና 100 ሰዎች ሞቱ። ሌላ በር ነበረ፤ አብዛኛው ሰው ግን የሮጠው ወደ ገባበት በር ነው። ኒስት በኋላ ክፍሉን መልሶ ሠርቶ ሲያቃጥለው፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ መቆም የማይቻልበት ሆነ።

ያን ሳምንት እሑድ፣ ስሙን የማልጠቅሰው የኛ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ። አዳራሹ 40 በ60 ጫማ ነው፤ 2,400 ካሬ ጫማ ማለት ነው። ወንበር ብቻ ተደርድሮ ሲሞላ ኮዱ፣ ማለትም የሕንፃ ደህንነት ደንቡ፣ ለአንድ ሰው 7 ካሬ ጫማ ይቆጥራል፤ 343 ሰው ይሆናል። በሮቹ ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ሲከፈቱ 32 ኢንች ክፍት ቦታ አላቸው። ለአንድ ሰው 0.2 ኢንች የበር ስፋት ስለሚታሰብ አንዱ በር 160 ሰው ያሳልፋል። ሦስቱ 480 ናቸው፣ ይበቃል። የወጥ ቤቱ በር ግን በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ከውጭ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ። ሁለቱ 320 ብቻ ናቸው። ሃያ ሦስት ሰው መውጫ አጣ ማለት ነው፤ ከእነሱ ውስጥ እናቴ፣ እትዬዎቹ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ይኖሩበታል። ወረቀቱን ይዤ ኮሚቴው ጋ ሄድኩ። «ልጄ፣ እስካሁን ምን ሆነ?» አሉኝ ሰብሳቢው። ቁጥሩን ቁጭ ብለን አብረን ደመርን። በወሩ ሰንሰለቱ ወርዶ በሆድ ሲገፉት የሚከፈት ዘንግ ተገጠመለት። የመጀመሪያው እሑድ እትዬ አንዷ ሁለት እጃቸው ሙሉ ትሪ ይዘው በወገባቸው ገፋ አድርገውት ወጡ።

ለንደን ስለተቃጠለው ግሬንፌል ታወር ሲነሳም ክፍል ውስጥ ዝም ማለት አልቻልኩም። 72 ሰዎች የሞቱበት እሳት የተነሳው በአንድ አፓርታማ ፍሪጅ ነው፤ ተከራዩ ኢትዮጵያ የተወለደ ወገናችን ነበር። ብዙ ስም ተሰጠው። በመንግሥት የተቋቋመው አጣሪ ግን እሱ ላይ ጥፋት አላገኘበትም፤ እሳቱ ሕንፃውን እንዲዞር ዋና ምክንያት የሆነው ውጭ የተለበጠው፣ መሐሉ ፖሊኢትሊን የሆነ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ነው ብሏል። ምስኪኑን ከሐሜት ያወጣው እንዲህ ያለ ሙያ ነው።

ከባዱን ልንገራችሁ። ሂት ትራንስፈር የተባለው፣ ሙቀት ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያስተምረው ኮርስ አስለቅሶኛል። ማታ እየሠራሁ ስለነበር ቅዳሜን በሙሉ ለእሱ ሰጥቻለሁ። ሌላው፣ የምንማረው ኮድ በሙሉ የአሜሪካ ነው፤ ጋሎን፣ ኢንች፣ ሁልጊዜ ውሃ ያለበት ቧንቧ። ይህ የሙያው መልክ ነው እንጂ የትምህርት ቤቱ ጥፋት አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል አባቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ሳሎናችን ውስጥ ስልኩን ይዞ ቆሞ የሱቆቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራ ነበር። «ተማርሽው፤ ምን ይደረግ ነበር?» አለኝ። መኪና የማያስገባ መንገድ፣ ጨርቅ ከጨርቅ ጋር የተያያዘበት ሱቅ፣ መሐል ላይ እሳት የሚያቆም ግድግዳ የሌለበት ረድፍ። ፊዚክሱ አንድ ነው፣ ከግድግዳው እንጀምር አልኩት። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚሆን ዝርዝር ግን ራሳችን መጻፍ አለብን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ የሚከፍለውና ከሌላ ስቴት የመጣ የሚከፍለው ልዩነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሶ መዛወር ብልህነት ነው፤ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ብቻ ተጠንቀቁ። እኔ በነበርኩበት ኮሌጅ አማካሪዬ «ይህ ኢንጂነሪንግ አይደለም» ብሎ ሁለት የማይቆጠሩልኝ ኮርሶች አስወሰደኝ፤ አንድ ሴሚስተር ሄደብኝ። የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር አርትሲስ የሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ እዩ። ሥራውን በተመለከተ ከመመረቄ በፊት ተቀጥሬያለሁ፤ አብረውኝ የጨረሱት በዲዛይን ቢሮ፣ በኢንሹራንስና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ናቸው። ከምረቃ በኋላ ኤፍኢ የሚባለው የመጀመሪያው የኢንጂነርነት ፈተና፣ ከዚያ የሥራ ልምድ፣ ከዚያ ፒኢ የሚባለው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። እኔ ለፒኢ እየተዘጋጀሁ ነው።

ልጃችሁ አሁን አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ከሆነ ካልኩለስና ኬሚስትሪ እንዲወስድ አድርጉ። ከዚያ ቀጠሮ ይዛችሁ ኮሌጅ ፓርክ ውሰዱት፤ በግሪን ላይን ባቡር ትደርሳላችሁ። ቢሮ ውስጥ ብቻ አውርተው እንዳይሸኟችሁ፣ ላቦራቶሪውን አሳዩን በሉ፤ ልጁ አንድ ነገር ሲቃጠል በዓይኑ ይይ።