ባለ 365ቱ ዩቪ ባትሪ፦ ክሪስታል ሲበራ ማየት ለሚፈልግ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ገብታችሁ "የብር መፈተሻ ባትሪ" ብትሉ ሁለት ዓይነት ያወጡላችኋል። ሁለቱም ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ባትሪ ናቸው፣ ቁጥራቸው የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። አንዱ 395 ናኖሜትር የሚባለው ርካሹ ነው። ሌላው ፊቱ ላይ ጥቁር መስታወት ያለበት ባለ 365። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ የምፈልገውም ለክሪስታል ነው። በዚህ በኩል ከመጣችሁ ያለ ማመንታት 365ቱን ግዙ፣ ዋጋው ቢበልጥም።

395ቱ ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ይረጫል። የነካው ነገር ሁሉ ሐምራዊ ይሆናል፣ ከድንጋዩ የሚወጣው ደካማ ብርሃን እዚያ ውስጥ ይዋጣል። የ365ቱ ጥቁር መስታወት ግን ለዓይን የሚታየውን አብዛኛውን ስለሚያስቀር፣ የምታዩት ከዕቃው የሚመጣውን ብርሃን ነው።

ምርጡ መሞከሪያ አሮጌ፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነው። አራዳ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ጋሼ ክዳኑን ከፈቱልኝና የሱቁን መብራት አጠፋን። ጥርሶቹና ሳህኑ ጨለማ ሆነው ቀሩ፤ የጥርሶቹ ዘንግ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ድንጋዮች ግን አንድ በአንድ ደማቅ ቀይ ሆነው ወጡ። "እንዴ! ይሄ ነገር ውስጡ መብራት አለው እንዴ?" አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈቱትና ሲገጥሙት የኖሩት ዕቃ ነው እኮ!

ሰዓቱ ላይ "17 ጁዌልስ" ተብሎ የሚጻፈው እነዚህን ነው። ሰው ሠራሽ ሩቢ ናቸው፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ውስጥ ትንሽ ክሮሚየም የገባበት። እ.ኤ.አ. በ1960 ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር የሠራው በዚሁ በሩቢ ነው። ቀዩ ብርሃን 694.3 እና 692.9 ናኖሜትር ላይ የተጠጋጉ ሁለት ቀጭን መስመሮች አሉት። ክሮሚየሙ በስድስት ኦክስጅን ተከብቦ ሲቀመጥ ልክ መሀላቸው ላይ አይደለም፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። በትክክል መሀል ቢሆን ኖሮ የቦታው ሲሜትሪ፣ ማለትም ዙሪያው ሁሉ የተመጣጠነ መሆኑ፣ ይህን ብርሃን ከሞላ ጎደል ይከለክለው ነበር። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ፈቀቅታ ነው።

በጣም ፈቀቅ የሚሉም አሉ። ፖታሽየም ክሎራይድን እንውሰድ፣ ዳሎል መሬት ውስጥ ባለው የፖታሽ ማዕድን ውስጥ ይገኛል። በላብራቶሪ ከፖታሽየሙ ጥቂቱን አውጥተው ሊቲየም ወይም መዳብ ይተኩበታል። ቦታው ለአዲሱ አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ላለው አቶም) ሰፊ ነው፤ የአባቱን ጫማ ያደረገ ልጅ እግሩ አንዴ ወደ ጣት አንዴ ወደ ተረከዝ እንደሚሄደው አዮኑም መሀሉን ትቶ ወደ አንዱ ጥግ ይጠጋል። የሚጠጋባቸው አቅጣጫዎች ስምንት ናቸው። ሙቀት ሲኖር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ገደማ፣ ከዚያም አልፎ በፈሳሽ ሂሊየም ሲቀዘቅዝ ዝላዩ ይረጋጋል። ሊቲየም ግን እዚያም ሆኖ በኳንተም ቱነሊንግ፣ ማለትም መዝለያ ጉልበት ሳይኖረው መሰናክሉን ሾልኮ፣ ከጥግ ወደ ጥግ ያልፋል።

መዳቡ ላይ ቅዝቃዜው ሚስጥሩን ያወጣል። መሀል ላይ የተቀመጠ የመዳብ አዮን ብርሃን ለመዋጥ የክሪስታሉ ንዝረት እንዲያግዘው ስለሚፈልግ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይደክማል፤ ከመሀል የወጣው ግን ሲሜትሪውን ራሱ ስላፈረሰው ብርዱ ውስጥም በርትቶ ይውጣል፣ በርትቶም ያበራል። ፊዚሲስቶች አዮኑ የት እንደተቀመጠ የሚጠረጥሩት አንድም በዚህ ነው።

ይሄን በባትሪው አታዩትም፣ እንዳትሸወዱ። መዳቡን ለመቀስቀስ ወደ 260 ናኖሜትር የሚጠጋ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ የብርሃኑ ጉልበት ስለሚበልጥ 365 አይደርስበትም። ፈሳሽ ናይትሮጅንም ከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር የሚያቆዩበት ስለሆነ አገራችን ውስጥ አለ፣ ትምህርት ቤት ግን አይገባም። ቢገባ ምን ያህል ደስ ባለኝ።

ቤት ውስጥ ቅዝቃዜ ብርሃን ላይ የሚሠራውን ማየት ከፈለጋችሁ ጨለማ ውስጥ የሚያበሩትን አረንጓዴ የኮከብ ስቲከሮች ግዙ። በደህናዎቹ ውስጥ ያለው ስትሮንቲየም አሉሚኔት ነው፣ ዩሮፒየምና ዲስፕሮዚየም የተጨመረበት። ሁለቱን በባትሪው እኩል አብሩና አንዱን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ቆይታችሁ ስታወጡት ደብዝዞ ታገኙታላችሁ። መዳፋችሁ ላይ ያዙት። ሲሞቅ ቀስ እያለ ይደምቃል፣ ውጭ ከቆየውም ሊበልጥ ይችላል። ባትሪው ሲበራባቸው ስቲከሩ ውስጥ የተጠመዱት ኤሌክትሮኖች ለመውጣት ሙቀት ስለሚፈልጉ ብርዱ ብርሃኑን አስቀምጦላችሁ ነበር ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይሄን ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ክፍለ ጊዜውን ይጨርሰዋል።

ጉድለቱ? ባትሪው ቶሎ ይግላል፣ ቻርጅ ማድረጊያው ክዳን ልል ነው። ጨረሩ ብዙም ስለማይታይ ሰው አቅልሎ ያየዋል፣ ዓይን ላይ ግን አደገኛ ነው። ልጆች እጅ እንዳይገባ፣ ስትሠሩም ዩቪ የሚከለክል መነጽር አድርጉ። ሱቁ ውስጥ ሳትከፍሉ ነጭ የደብተር ወረቀት ላይ አብሩት። ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ባትሪው ራሱ እምብዛም ካልታየ ትክክለኛው ነው። ሁሉም ሐምራዊ ከሆነ 395ቱን በ365 ዋጋ ሊሸጡላችሁ ነው፣ መልሱላቸው።