ጠገራ ብራችሁን ከመሸጣችሁ በፊት ለእኚህ አንጥረኛ አሳዩ

ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ለገጣፎ የሚሄደውን ታክሲ ያዙና ካራን እንዳለፋችሁ ውረዱ። ሱቁ ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተሰቀሉትን የብር መስቀሎች ካያችሁ ደርሳችኋል።

እኔ የሄድኩት አያቴ ትተውልን ያለፉትን ሳንቲሞች ይዤ ነው። አሥራ አንድ ናቸው፦ ስምንት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ጠገራ)፣ አንድ የምኒልክ ብርና ሁለት የአሜሪካ ዶላር። ከዚያ በፊት መሀል ከተማ አንድ ወርቅ ቤት ወስጃቸው ነበር። ሻጩ አንዱንም ገልብጦ ሳያይ ሁሉንም ሚዛኑ ላይ ዘረገፈና በግራም ሒሳብ ዋጋ ጠራልኝ። በጣም ከፋኝ። አያቴ እኮ እያንዳንዱን ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው ነበር ያስቀመጡት።

አንጥረኛው ጋሼ ግን ሚዛን የሚያወጡት መጨረሻ ላይ ነው። ጥቁር ጨርቅ ዘረጉ፤ አንዱን ዶላር ንስሩን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡና አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝ። «ከንስሩ በታች ያለውን የቅጠል ጉንጉን ተከተዪ የኔ ልጅ፤ ሪባኑ የታሰረበት ጋ ስትደርሺ ከሥሩ እዪ» አሉኝ። አየሁ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ «ኤስ» አለች። ልቤ ዘለለ፤ ምክንያቱም «ኤስ» የሳን ፍራንሲስኮ ምልክት ናት፣ እዚያ የተመታ ዶላር ደግሞ ውድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

«ፊደሏ ብቻዋን ምንም አትልም፤ ዓመቱስ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው ብዙ የተማርኩት። በፈረንጆቹ 1893 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታው ዶላር 100,000 ብቻ ስለሆነ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። የእኔ ግን የ1881 ነው፤ በዚያ ዓመት እዚያው ከ12 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። ሁለተኛው ዶላር የ1921 ሲሆን ምንም ፊደል የለበትም። ፊደል ከሌለው ፊላደልፊያ ነው ማለት ነው፤ እሱም ከ44 ሚሊዮን በላይ ነው የተመታው። ሁለቱም ብዙ እጅ ያለፉና የተፋቁ ስለሆኑ ዋጋቸው ውስጣቸው ካለው ብር ብዙም አይርቅም። «ሲሲ» ያለበት ቢገጥማችሁ ግን አትቸኩሉ፤ የአሜሪካዋ ከተማ የካርሰን ሲቲ ነው፣ ብዙዎቹም በቁጥር አነስተኛ ናቸው። ፊደል ለጥፈው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ስላሉ ጋሼ የፊደሏን ዙሪያ ብርሃን እያስመቱ ደጋግመው ያያሉ።

ማርትሬዛው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ላይ ያለው ዓመት በፈረንጆቹ 1780 ነው፤ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም ያንኑ ዓመት እየጻፉ መትተውታል። ከሴትዮዋ ደረት ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የከተማ ምልክት ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ የሁለት የመምቻ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ስለዚህ የሚታየው ሌላ ነው፦ ትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎች፣ የንስሩ ጅራት፣ ጠርዙ ላይ የዞረው የላቲን ጽሑፍ። ድሮ ገበያተኛው ዕንቁዎቹን እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። ጋሼም በመርፌ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩልኝ፤ ዘጠኝ። አንዱ ላይ ግን ዕንቁዎቹ እንደ ሊጥ ተያይዘዋል። ሚዛን ላይ ሲወጣ 25 ግራም ሆነ፤ ትክክለኛው 28 ግራም ከትንሽ ነው። ፎርጅድ ነው። አያቴ ስንት ዓመት በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ኖሩ።

የምኒልኩ ብር 1889 ዓ.ም. ይላል፣ በግዕዝ ቁጥር። ፓሪስ የተመታ ስለሆነ የ«ኤ» ፊደል አለበት። ጋሼ ይህንን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ «ማነው ያሸው?» አሉኝ። እናቴ ናት፤ ለበዓል እንዲያበራ በሎሚና በአመድ ትወለውለው ነበር። አንበሳው ፊት ላይ ጭረቱ በዓይን ይታያል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካውን፣ ጥቁረቱንም እንደያዘ ነው። እባካችሁ ቤት ያለውን አታሹት፤ በደረቅ ጨርቅም ቢሆን።

የጋሼ አባትም አንጥረኛ ነበሩ፤ ጠገራ እያቀለጡ መስቀልና የአንገት ጌጥ ይሠሩ ነበር። እሳቸው ግን ሳያዩ የሚያቀልጡት የለም። ለማየት ያስከፈሉኝ ነገር የለም፤ ሽጪልኝም አላሉኝም።

የማይመቸው ነገር ወረፋው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄያለሁ፣ ደግሞ ወንበር አንድ ብቻ ናት። ያዩትን በወረቀት ጽፈው አይሰጡም፣ ስለዚህ ደብተር ይዛችሁ እየጻፋችሁ ስሟቸው። ጠዋት ሂዱ፤ ፀሐይዋ በበሩ የምትገባው ያኔ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ከሆነ «ነገ ነይ» ይሏችኋል።