በሻማ ብርሃን ያየሁት ቤት

ቀን ላይ ሄጄ አይቼዋለሁ። ማታ ግን ሌላ ቤት ነው። ለንደን የሚገኘው የሰር ጆን ሶን ሙዚየም በሻማ ብርሃን የሚያዘጋጀውን የምሽት ጉብኝት ማለቴ ነው።

ሶን የእንግሊዝ ባንክን ሕንፃ የነደፈ አርክቴክት ነበር። ዛሬ ሙዚየም የሆነው መኖሪያ ቤቱ እንዳለ እንዲቆይ በ1833 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ሕግ አስወጣ። ከ4 ዓመት በኋላ አረፈ።

ልቤን የወሰደው ምድር ቤቱ ነው። የፈርዖን ቀዳማዊ ሴቲ የሬሳ ሣጥን እዚያ ተቀምጧል። አልባስጥሮስ ከሚባል ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ጭል ጭል የሚለው ብርሃን ሲነካው ድንጋዩ የማር መልክ ያዘ፤ የተቀረጹት ትንንሽ ምስሎች ነፍስ የዘሩ መሰሉኝ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ሶን ሣጥኑን በ1824 በ2,000 ፓውንድ ገዝቶ፣ በዓመቱ 3 ምሽት ግብዣ አድርጎ፣ ቤቱን በመብራትና በሻማ አድምቆ ነበር። እና ሻማው ለማሳመሪያ የመጣ አይደለም፤ የቤቱ የራሱ ታሪክ ነው።

ሌላ አንድ ታሪካዊ ቤት ውስጥ አስጎብኚው ሳያቋርጥ እያወራ ከክፍል ክፍል ነድቶናል። ምንም ሳንጠይቅ ወጣን። እዚህ ሠራተኞቹ ጥግ ይዘው ይቆማሉ፤ ስትጠይቋቸው ደስ ብሏቸው ያወራሉ። በሥዕል ክፍሉ ግድግዳው እንደ ቁም ሣጥን በር ሲከፈትና ከጀርባው ሌላ ሥዕል ሲወጣ፣ አጠገቤ የነበረች ልጅ “እንዴ!” ብላ ጮኸች።

መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ትልቅ ቦርሳ አትያዙ። ትኬቱንም ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።