ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው ሳይክል ቤት፦ አርዲቦ ወጥተን ከመወዳደራችን በፊት ፍሬኔን የሰሩልኝ አባት

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ ዲስክ ፍሬን ያለው ማውንቴን ባይክ የምትነዱ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ፣ ረዘም ይላል ግን ይጠቅማችኋል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ አምስት ጓደኛሞች ከሐይቅ ከተማ ተነስተን አርዲቦ ወጥተን በዛው ተመልሰን፣ እንደገና ወጥተን እንደገና ወርደን ልንወዳደር ተስማማን። ሁለት ዙር ማለት ነው። አዘጋጅ የለ፣ የደረት ቁጥር የለ፣ መጨረሻ የወጣ ለሁላችንም አሳ ይጋብዛል፣ በቃ። አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ የሚሰሩ ወንድማማቾች፣ አምስተኛው እኔ። ቦታውን ለማታውቁት፣ አርዲቦ ከሎጎ ሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ሀይቅ ነው፣ ትርፍ ውሃው ሁሉ ወደ ሎጎ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ መሄጃው ዳገት መመለሻው ቁልቁለት ነው፣ ያውም ጠጠርና ድንጋይ፣ ዳር ዳሩ ቁልቋል። ዳገቱን እግርና ሳንባ ያወጣችኋል፣ ቁልቁለቱ ግን ፍሬን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲቀረን ፍሬን አልነበረኝም።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሳይክሌ አዲስ አበባ በሁለተኛ እጅ የገዛሁት ባለ 29 ጎማ ነው፣ ፍሬኑ የሺማኖ የዘይት ፍሬን፣ ጎበዝ ፍሬን ነው። መስከረም ላይ መጮህ ጀመረ፣ የፊተኛው በያዝኩት ቁጥር ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ይጮሃል። አንድ ቦታ ወሰድኩት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሞተርም ሳይክልም ይሰራሉ፣ ልጁ ምንም ሳይፈታ የሚረጭ ዘይት አነሳና የፊትም የኋላም ዲስክ ላይ፣ ፍሬኑ የሚይዘው ክቡ ብረት ላይ ማለት ነው፣ ፊስስስ አረገበት። እውነትም ጩኸቱ ጠፋ። ከፍዬ ወጣሁ፣ አመሰግናለሁም ብዬዋለሁ።

በማግስቱ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ፣ ያን ሁሉ ቁመት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትወርዱት፣ ያውም ከአይሱዙና ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋችሁ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝኩ። እጀታው ጠንካራ ነው፣ እንደ ወትሮው ጣቴ ስር ይቆማል፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም! ይሄን ስሜት አልረሳውም፣ ምክንያቱም የፍሬኑ የውስጥ ዘይት ፈሶ ቢሆን ወይ አየር ቢገባው እጀታው ላላ ብሎ ይገባልህ ነበር፣ ታውቀዋለህ፣ ይሄ ግን ሁሉም ደህና የሚመስል ነው ዲስኩ ብቻ ግራና ቀኝ በሚይዘው የፍሬን ሸራ መሀል ሙልጭልጭ ይላል። ወደ ተራራው ጎን አስጠግቼ በጫማዬ አስፋልቱን እየፋቅኩ ቦዩ ውስጥ ገባሁና ቆምኩ። ክርኔ ተላጠ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም፣ አልሀምዱሊላህ። ሳይክሉን ሚኒባስ ላይ ጭኜ ተመለስኩ።

አሁን ወደ ሱቁ። ባጃጅ ነጂው ጓደኛችን ነው የጠቆመኝ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ በሩ ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም፣ ጣሪያው ስር የተሰቀሉ ቸርኬዎች ታያላችሁ፣ ሳይክል ቤት በሉ ማንም ያሳያችኋል። አንድ በእድሜ ጠና ያሉ አባትና አንድ ረዳት ልጅ ናቸው የሚሰሩት። ገብቼ ፍሬኑ አይዝም ስላቸው እንደሌላው ሰው ወዲያው መፍቻ አላነሱም። የፊት ጎማውን በእጃቸው አሽከርክረው ያዝ አሉኝ፣ ያዝኩ፣ እሳቸው ገፉት፣ ዞረ። ከዛ ሸራዎቹን አወጡና አንዷን አፍንጫቸው ጋ አስጠግተው አሸተቱ።

«ልጄ፣ ዲስኩን ዘይት የቀባው ማነው?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ ስለ ሰውየው አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ሸራዋን መብራቱ ጋ ወስደው አሳዩኝ፣ ላይዋ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጠርዟ ላይ ጠቆር ያለ እርጥበት አለ። «በአሸዋ ወረቀት ብፍቀው ለአንድ ቀን ይይዝልህ ይሆናል፣ ግን ሸራ ስፖንጅ ማለት ነው፣ ዘይቱን ጠጥቶታል፣ ሲሞቅ መልሶ ያወጣዋል» አሉኝ። እኔ እንዲያውም ፍሬኑን በሙሉ ልቀይረው ብዬ ብር ይዤ ነበር የሄድኩት። አያስፈልግህም፣ የፊትና የኋላ ሸራ ብቻ ግዛ፣ ዲስኩን እኔ አጥብልሃለሁ ብለው መለሱኝ። ሊሸጡልኝ ይችሉ እኮ ነበር፣ እሺ ነበር የምለው።

አጠባቸውን ባያችሁት። ንጹህ ነጭ ጨርቅ፣ አልኮል፣ ሌላ ምንም። ረዳቱ ልጅ እጁ ላይ ግራሶ ስለነበረ ዲስኩን እንዳይነካ ከለከሉት፣ እሳቸውም መሀሉን በብሎኖቹ በኩል ነው የሚይዙት እንጂ ሸራ የሚያርፍበትን ክፍል በጣታቸው አይነኩም። ጠርገው ጨርቁን ያዩታል፣ ጠቆር ያለ ነገር ካለበት ሌላ ንጹህ ጨርቅ፣ እንደገና አልኮል። አራተኛው ጨርቅ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ነው ያቆሙት። የፍሬኑን መንከሻ ውስጡን ሳይቀር እንደዛው ጠረጉት።

ሸራው እሳቸው ጋ አልነበረም፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበኩ። ገጥመው ሲሰጡኝ እንደዚ ይዘህ ሐረጎ እንዳትወርድ አሉኝ። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት፣ ፈጠን ብለህ ንዳ፣ ፍሬኑን ቀስ እያልክ እያጠበቅክ ያዝ፣ ልትቆም ስትል ልቀቀው፣ ጎማው ግን እንዳይቆለፍ፣ ይሄን ሃያ ጊዜ አድርገው። ደሴ ላይ ቁልቁለት ስለማይጠፋ ሰፈሬ አጠገብ አንድ ሰው የማይበዛበት መንገድ ላይ ሰራሁት። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ምንም፣ እንዲያውም ተበሳጨሁ። አስር አካባቢ አንድ ነገር ተለወጠ፣ እንደ ሹክሹክታ ያለ ሽርሽር የሚል ድምጽ መጣና ነከሰ። ሃያኛው ላይ በአንድ ጣት ሳይክሉን አቆምኩት። ጩኸት የለም፣ ምንም።

በዚህ ተደስቼ የቀሩትን አራቱንም ይዣቸው ሄድኩ። አስተማሪው ማርሹ ይዘልበታል፣ ዳገት ላይ ሲጫን ካቴናው ቋ ብሎ ይሸሻል፣ አዲስ የማርሽ መቀየሪያ ሊገዛ ነበር። አባት ተራ የተማሪ ማስመሪያ አወጡ። ከአንድ የካቴናው ሚስማር ጀምረው አስር ጥንድ ማያያዣ ቆጠሩ፣ አዲስ ካቴና ላይ ይሄ 254 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሱ ከ257 በላይ መጣ። 256 ከደረሰ ቶሎ ቀይረው፣ ካሳለፍከው ግን የኋላ ጥርሱንም እየበላው ነው አሉት። ጥርሶቹን ጎንበስ ብለን ስናይ እውነትም ትናንሾቹ እንደ ማጭድ ሹል ሆነዋል። ካቴናና የኋላ ጥርስ ቀየረ፣ መቀየሪያው ምንም አልነበረውም። የኮምቦልቻዎቹ ሳይክሎች የገመድ ፍሬን ናቸው፣ ለነሱ ደግሞ የገመድ ፍሬን ሸራው ሲያልቅ ራሱን አያስጠጋም፣ በየጊዜው ገመዱን መወጠር አለባችሁ ብለው እዛው አስተማሯቸው፣ ታናሽየው በራሱ እጅ እስኪሰራው ድረስ አልለቀቁትም።

ጎማ ላይ ግን አልተስማማንም ነበር። እኛ ሁላችንም እስኪጠነክር የምንነፋ ሰዎች ነን። አባት የኔን ክብደት ጠየቁኝ፣ 68 ኪሎ ስላቸው የአየሩን ግፊት የፊቱን 28 የኋላውን 30 ፒኤስአይ አደረጉት፣ በጣት ስትጫኑት ለስለስ ይላል። ድንጋይ ላይ የጠነከረ ጎማ ይነጥራል፣ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም ነው ምክንያታቸው። ከዚህ በታች ግን አትውረድ፣ ካላማዳሪያው ድንጋዩና ቸርኬው መሀል ይቀረቀርና ሁለት ቦታ ይበሳል አሉ። ባጃጅ ነጂው የኔ እንዳይነካ አለ፣ ባጃጅ ጎማ መስሎት ይሁን እንጃ 45 አድርጎ ነው የመጣው። ታላቅየው ደግሞ ለስላሳ ይሻላል ከተባለ ብሎ ሐይቅ ደርሰን ከተነገረው በታች አስተነፈሰው።

ውድድሩን ባጭሩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀመርን፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም፣ ሎጎ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። የመጀመሪያውን ዳገት አስተማሪው መራን፣ ካቴናው አንዴም አልዘለለበትም፣ ከኋላው ሆኜ እሰማ ነበር፣ ጸጥ ያለ ሳይክል። አርዲቦ ጋ ስንደርስ እረኞች አጨበጨቡልን፣ ውሃ ተጎንጭተን ዞርን። ቁልቁለቱ ላይ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ስራ የታየው። የድንጋዩ ክፍል መጀመሪያ ላይ ባጃጅ ነጂው ከፊቴ ነበር፣ ሳይክሉ እንደ ፍየል ይዘላል፣ በያዘ ቁጥር የኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፣ ስለዚህ ከሩቅ መያዝ አለበት። እኔ ኩርባው እስኪደርስ ለቅቄ፣ በአንድ ጣት ይዤ፣ ለቅቄ፣ ሁለት ኩርባ ላይ አለፍኩት። ከሁለት ሳምንት በፊት ቦይ ውስጥ የገባሁት ሰውዬ እኔው ነኝ፣ ያው ሳይክል ያው ፍሬን፣ የተለወጠው አራት ትንንሽ ሸራ ነው።

ታላቅየው ሁለተኛው ዙር ላይ ተበሳበት፣ በትክክል እንደተባለው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ። መለዋወጫ ካላማዳሪያ ስላልያዘ እየገፋ ወረደ፣ አሳውን እሱ ጋበዘን፣ ምስኪን። የፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ላይ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ጎማው ተበስቶበት፣ ቀይሮ፣ ተመልሶ ወርቅ ወስዷል፣ ግን እሱን የጥገና ቦታ ላይ ጎማ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ነበረው፣ እኛን አርዲቦ መንገድ ላይ የሚጠብቀን የለም። ካላማዳሪያና ፖምፓ ያዙ። አስተማሪው አንደኛ ወጣ፣ እኔ 40 ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት ሁለተኛ። ከዛ ሀይቁ ዳር ቆሮሶ ጥብስ በሚጥሚጣ፣ ጣታችንን እየላስን።

ስለ ሱቁ የማልወደውንም ልናገር። ስልክ አያነሱም። ደረሰኝ የለም። አርብ ለጁምዓ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ዝግ ነው፣ ይሄን ሳላውቅ ኮምቦልቻዎቹን ይዤ ሄጄ ቆመን ጠብቀናል። ቀስ ብለው ነው የሚሰሩት፣ ሰዓት ቢቀጥሯችሁም አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩበት፣ አንድ ሰው ሳይክል ይዞ ሲመጣ የያዙትን ጨርሰው ነው ቀና የሚሉት። መለዋወጫም ብዙ የላቸውም፣ በተለይ የዘይት ፍሬን እቃ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። የአስተማሪው ትንሿ ማርሽ መጀመሪያ ላይ አልገባ ብላ ነበር፣ መልሰን ስንወስድላቸው ግን ይቅርታ ጠይቀው ያለ ክፍያ አስተካከሉለት፣ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ዋጋቸው ከሌላው አይበዛም፣ ከእኔ ለዲስክ እጥበትና ለመግጠም የተቀበሉት ያኛው ቦታ ለዘይት ርጭቱ ካስከፈለኝ ብዙም አይበልጥም።

አንድ ነገር አደራ፣ የዘይት ፍሬን ካላችሁ ዘይት እንዲሞላላችሁ ስትሰጡ የየትኛው ፍሬን እንደሆነ ተናገሩ። የሺማኖ የሚሰራው በሚነራል ኦይል ነው፣ የመኪናው የፍሬን ዘይት ከገባበት ውስጡ ያሉትን ጎሚኒዎች ያበላሻቸዋል። እሳቸው ያውቃሉ፣ መጀመሪያ የሚያዩት እጀታው ላይ የተጻፈውን ነው፣ ሌላ ቦታ ግን እናንተ ጠይቁ። ዲስክ ላይ የሚረጭ ነገር ያነሳ ሰው ካያችሁ ደግሞ እጁን ያዙት።

ለጥር ዙሩን ሶስት ልናደርገው ተስማምተናል። ትናንት ሸራዬን አውጥቼ አየሁት፣ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ሳይክሌን ግን ለማንኛውም ሰኞ ጠዋት እሳቸው ጋ አስገባዋለሁ። ባጃጅ ነጂውም አብሮኝ ይመጣል፣ ጎማውን ሊያስተነፍስ።