ከሩቅ የአፕል ችግኝ ለምታዝዙ፦ እሽጉ ሳይከፈት ሙሉ ክፍያ አትፈጽሙ

በሱሉልታና በአካባቢዋ በግቢያችሁ አፕል ለመትከል ያሰባችሁ ወገኖች፣ ባለፈው ጥር በእኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ይህን እጽፋለሁ። በቴሌግራም ከሚያስተዋውቅ አንድ ሻጭ፣ ከጨንቻ የሚመጡና ግራፍት የተደረጉ (የተመረጠ ዝርያ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተዳቀለባቸው) ናቸው የተባሉ 20 ችግኞችን አንዱን በ350 ብር ሒሳብ አዝዤ፣ 7,000 ብሩን በሙሉ በቴሌብር አስቀድሜ ከፈልሁ።

ቃሊቲ መናኸሪያ የተረከብሁት አንድ የተሰፋ ማዳበሪያ ነበር። ቤት ደርሼ ስፈታው ችግኞቹ አፈራቸው ከሥራቸው ተራግፎ፣ ቅጠላቸው ግን እንዳለ፣ በደረቅ ጋዜጣ ተጠቅልለውና አፉ በተቋጠረ ላስቲክ ውስጥ ተጨናንቀው አገኘኋቸው። ቅጠል ያለው ችግኝ ሥሩ ከአፈር ቢወጣም በቅጠሉ ውሃ ማትነኑን አያቆምም፤ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ደግሞ እርጥበት ሲያጡ ፈጥነው ስለሚደርቁ የወጣውን ሊተኩ አይችሉም። በዚህ ላይ ከደጋው ጨንቻ ወርደው የስምጥ ሸለቆውን ሙቀት በአውቶቡስ ጭነት ክፍል ውስጥ ታፍነው ስላለፉ፣ ቅጠላቸው ሻግቶ፣ ሥራቸው እንደ ገለባ ደርቆ ነበር። በወጉ ቢሆን ቅጠል ያለው ችግኝ ከነአፈሩና ከነፕላስቲኩ ቆሞ ይጓዛል፤ አፈሩ ተራግፎ የሚላከው ቅጠሉን ያራገፈና ዕድገቱ ያረፈ ችግኝ ብቻ ሲሆን፣ ሥሩ፣ ሲጨመቅ ውሃ በማያንጠባጥብ እርጥብ ሰጋቱራ ተሸፍኖ፣ ላስቲኩም ሥሩ ላይ ብቻ ታስሮ፣ ግንዱ አየር እንዲያገኝ ይተዋል።

ስድስቱ ግንዳቸው ላይ የግራፍት ጠባሳ የላቸውም፤ ከዘር የበቀለ አፕል ደግሞ የእናቱን ዓይነት ፍሬ አይሰጥም። የቀሩት በሙሉ «አና» የሚል ምልክት አለባቸው። አና በደንብ እንድታፈራ በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ፣ ለምሳሌ ዶርሴት ጎልደን፣ በአቅራቢያዋ ያስፈልጋታል፤ ሻጩ ይህን እያወቀ አለመንገሩ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል።

ስደውልለት «ከመኪና ከተጫነ በኋላ እኛ አንጠየቅም» ብሎ ቁጥሬን ዘጋው። በሕይወት የቀሩት 3 ናቸው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የግራፍቱን ቦታና የአስተሻሸጉን ፎቶ ጠይቁ፤ ቢበዛ ግማሹን ብቻ አስቀድማችሁ ክፈሉ፤ እሽጉንም እዚያው መናኸሪያ፣ የአውቶቡሱ ረዳት ባለበት፣ በስልክ እየቀረጻችሁ ክፈቱ። ከተቻለ ችግኙ ክረምቱ ሲገባ እንዲደርስ አድርጉ። ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ማየት ለሚፈልግ ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ።