ፎልደር የሚከፍት ኤአይ ኤጀንት፦ ጂሜይል፣ አውትሉክ ወይስ የሆስቲንግ ኢሜይል?

ከገላን፣ ከሰበታና ከለገጣፎ መጋዘኖች የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ የአቅራቢ ደረሰኝና የጉምሩክ ሰነድ በየፎልደሩ የሚያስቀምጥ ኤጀንት (ሥራውን በራሱ የሚያከናውን የኤአይ ፕሮግራም) የትኛው ኢሜይል ላይ ይሠራ? ነገሩን ላለማንዛዛት፣ ጂሜይል ላይ። ለአውትሉክ እየከፈለ ያለ ቢሮ እዚያው ይቆይ። ከዌብሳይት ጋር በርካሽ የሚመጣውን የሆስቲንግ ኢሜይል ግን ለዚህ ሥራ ብላችሁ አትግዙ።

መጀመሪያ ዋጋው። ፎልደር የሚከፍተው ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም የሚነጋገርበት በር) ጂሜይልም አውትሉክም ጋ ነጻ ነው፤ ነጻ አካውንትም ይበቃል። ገንዘቡን የሚበላው ሞዴሉ፣ ማለትም ኤጀንቱን የሚያሳስበው ኤአይ፣ ነው። የቱሉ (ኤጀንቱ የሚጠቀምበት እንደ “ፎልደር ክፈት” ያለ ተግባር) መግለጫ ኤጀንቱ በተጠራ ቁጥር አብሮ ይላካል፤ እያንዳንዱ ቶክንም (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆራርጥበት ቁራጭ) ይታሰባል። 350 ቶክን የሚወስድ የአንድ ቱል መግለጫ 2,000 ጊዜ ቢላክ 700,000 ቶክን ነው፤ ለሚሊዮኑ 3 ዶላር በሚያስከፍል ሞዴል 2.10 ዶላር ይሆናል። 30 ቱል የታጨቀበት “ነጻ” ጥቅል ከኢንተርኔት ከወረደ ግን ያው ሥራ 63 ዶላር ይመጣል፣ ለዚያውም የሚፈለገው አንዱ ቱል ብቻ ሆኖ ሳለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን ይህ በብር ሲመታ ቀላል አይደለም፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ የማግኘቱ ጣጣ ሳይቆጠር ነው። ስለዚህ የማትጠቀሙባቸውን ቱሎች ዝጉ። መግለጫውንም በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ፊደላችን ሲቆራረጥ ለዚያው ሐሳብ ብዙ ቶክን ይፈጃል። አማርኛው ለፎልደሩ ስም ይበቃል።

የነጻዎቹ ጥቅሎች ሌላው ችግር መግለጫቸው “ፎልደር ይፈጥራል” ብሎ ማለቁ ነው። ከከተማ ወጣ ሲባል መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፤ ራውተሩም አብሮ። ኤጀንቱ “ደረሰኝ” የሚል ፎልደር እንዲከፈት ይልካል፣ ሰርቨሩ ይከፍታል፣ መልሱ ሳይደርስ ኔትወርኩ ይቋረጣል። መብራት ሲመጣ ኤጀንቱ ደግሞ ይልካል፤ ጂሜይልም አውትሉክም “ስሙ አለ” ብለው 409 የተባለ የስህተት ቁጥር ይመልሳሉ። መግለጫው ላይ ምንም ካልተጻፈ ኤጀንቱ በራሱ ብልሃት “ደረሰኝ 2” ይከፍትና ግማሹ ሰነድ እዚያ ይገባል። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፦ 409 ከመጣ ዝርዝሩን አምጣ፣ ያለውን መለያ ቁጥር ውሰድና ቀጥል፤ አዲስ ስም አትፍጠር።

ከ409 የባሰው የራሳችን አጻጻፍ ነው። ለማሽኑ “ሰነድ” እና “ሠነድ”፣ “ጸሐፊ” እና “ፀሀፊ” የተለያዩ ስሞች ስለሆኑ ሁለቱንም ያለምንም ቅሬታ ይከፍታል። ቱሉ ከመክፈቱ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ ዝርዝሩን እንዲፈትሽ አድርጉ። ይህንን ለሞዴሉ አትተዉ፤ ኮዱ ውስጥ ይግባ።

የሆስቲንግ ኢሜይል የሚወድቀውም ስም ላይ ነው። እንዲህ ያለው ኢሜይል በሚሠራበት በአይማፕ (ፕሮግራሞች ከኢሜይል ሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት ደንብ) ብዙዎቹ ሰርቨሮች ፎልደርን ከንዑስ ፎልደር የሚለዩት በነጥብ ነው። የደንበኛ ስም መጨረሻው “ኃ.የተ.የግ.ማ” ከሆነ አንዱ ፎልደር አራት ደረጃ ይሆንና ደብዳቤው “ማ” የሚባል ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። “ዓ.ም” ያለበት ስምም እንዲሁ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ በድሮው የአይማፕ ደንብ የአማርኛ ስም በልዩ ኮድ ተቀይሮ መላክ አለበት፤ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የአይማፕ ጥቅል የሆነው አይማፕሊብ ይህን በራሱ አይሠራም፣ ስህተት ብሎ ይቆማል። ተሳክቶ ቢከፈት እንኳ “ይህን ፎልደር ከሚታዩት ጋር መዝግብ” የሚለው የሰብስክራይብ ትእዛዝ ካልተከተለው ብዙ የኢሜይል ፕሮግራሞች ፎልደሩን አያሳዩም። ርካሹ ነገር በጥገና ሰዓት እጥፉን ያስከፍላል።

ጂሜይልም ንጹሕ አይደለም። ፎልደር ሳይሆን ሌብል (ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ነው ያለው፤ ንዑሱ የሚለየውም በእዝባር ስለሆነ “ጽ/ቤት” የሚል ስም ላይ እዝባሩን በሰረዝ ይተኩት። ሌብል መለጠፍ ብቻውን ደብዳቤውን ከኢንቦክስ አያወጣም፤ የኢንቦክስ ሌብል መነሣት አለበት። ኤጀንቱ አካውንቱን እንዲጠቀም የሚፈቀድበት የጉግል ገጽ “ቴስቲንግ” (ሙከራ) ላይ ከቀረ ደግሞ የመግቢያ ቁልፉ በ7 ቀን ይሞታል፤ “በየሳምንቱ ይበላሻል” የሚባለው ኤጀንት አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። “ፕሮዳክሽን” ላይ አድርጉትና እንደገና ግቡ።

ታዲያ ለምን ጂሜይል? በሚጠይቀው ፈቃድ ምክንያት። ሌብል ለመክፈት ብቻ የሚሆን ጠባብ ፈቃድ አለው፤ ኤጀንቱ ደብዳቤ ሳያነብና ሳይሰርዝ ይከፍታል። ደብዳቤ የሚያንቀሳቅሰው ቱል ሰፋ ያለ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ለብቻው ይሁን። አውትሉክ ግን ባዶ ፎልደር ለመክፈት እንኳ ሙሉ ደብዳቤውን የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ሒሳብ ሹሙና ሥራ አስኪያጁ በአንድ አድራሻ በሚጠቀሙበት መጋዘን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አውትሉክ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ። ንዑስ ፎልደር የሚከፈተው በወላጁ መለያ ቁጥር እንጂ በስም ስላልሆነ ነጥቡም እዝባሩም ስሙን አይሰነጥቁትም። ነገር ግን ዝርዝር ሲጠየቅ ቁጥር ካልተነገረው 10 ፎልደር ብቻ፣ ያውም የላይኛውን ደረጃ ብቻ ይመልሳል። “ፎልደሩ የለም” እያለ የሚምል ኤጀንት ካጋጠማችሁ ሁለተኛውን ገጽ አልጠየቀም ማለት ነው፤ ቁጥሩን ከፍ አድርጉለት፣ ቀጣይ ሊንክ እስካለ ድረስ እንዲከተልም መግለጫው ላይ ጻፉለት።